ለመኪናዋ የሠራነው መወጣጫ

ጥር 14፣ ጧት 2 ሰ.

ክሪኩ ዛሬም የለም። እመቤት ደብቃዋለች። ብጠይቃት ሽንኩርት ትልጣለች፤ ብቆጣት ሽንኩርት ትልጣለች። የጎማ ቁልፉንም ወስዳዋለች። ዕድሜውን ሙሉ መሪ የጨበጠ ሰውዬ በገዛ ግቢው፣ ከመኪናው ፊት ለፊት፣ በገዛ ልጁ ተከልክሎ ባዶ እጁን ቆሟል።

ልጅቱ አልተሳሳተችም። ትናንት መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ ከሥሯ ድንጋይ ደገፍኩ። አንገቴን አስገብቼ ገና ሳልመቻች ድንጋዩ ተፈረካከሰ። የእኛ ግቢ ድንጋይ ሲያዩት ድንጋይ ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ዱቄት ይሆናል። እመቤት እግሬን ይዛ ጎተተችኝ። የሸሚዜ ኮሌታ ከሥር ቀረ፣ አንገቴ ወጣ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ክሪኩን ታቅፋ ገባች። እናቷም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትናደድ ዝም ነበር የምትለው።

ደብተሬ፣ አንተ የእሷ የፊዚክስ ደብተር ነበርክ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይሳካላት ሲቀር የተረፈው ገጽህ ለእኔ ሆነ። ስለዚህ ነገሩን ታውቀዋለህ፤ ግን እንደገና ልንገርህ፣ ሲጻፍ ይቀለኛል።

ከነነዌ ጾም በኋላ ደላላው ሰው ይዞ ይወርዳል። ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕሩን፣ ከዚያ ሳዑዲ። እመቤት ስሟን ሰጥታለች። ከዚህ ከሰቆጣ ሰፈራችን ስንቱ ወጣ፤ ባሕሩ ላይ የቀረውም አለ፣ እናቱ እስከ ዛሬ ስልክ ትጠብቃለች። ለምኜ ለምኜ አንድ ቃል አወጣሁባት፤ መኪናዋ ከተነሣች እቀራለሁ አለች። ከተነሣች ሰው እየጫንን የጽጽቃ ገበያን መንገድ አብረን እንሠራለን። እሷ ሒሳብ ትሰበስባለች፣ እኔ መንዳት አስተምራታለሁ። ካልተነሣች ትሄዳለች። ሌላ ልጅ የለኝም። ይኸው ነው።

ከቀኑ 10 ሰ.

በጦርነቱ መንገድ የተዘጋ ጊዜ ባለ ጠመንጃ እንዳይወስድብን ብለን መኪናዋን በረት ውስጥ ቀበርናት። ጎማዎቿን አወለቅን፣ የኋላ ጎማ የሚያዞረውን ረጅሙን ዘንግ ፈታን፣ በላይዋ አገዳና ጭድ ከመርንባት። ከብቱ ዙሪያዋን ተኛ። እበቱ እስከ በሯ ተከመረ። ያለፈ ያገደመ ባለ ጠመንጃ ሁሉ የጭድ ክምር እንጂ መኪና አላየም። ጎረቤት አደነቀን። እኔም ራሴን አደነቅሁ።

አሁን ጎማዎቹ ገብተዋል። ባትሪ ተውሼ ሞተሩን አስነሥቼዋለሁ፤ ድምፁ እንደ ድሮው ነው፣ የሰማሁ ቀን አልቅሻለሁ። የቀረው ዘንጉን ከሥር ማሰር ነው። ያለ ዘንግ ግን ፈቀቅ አትልም፤ ስለዚህ ፎሳ፣ ከመኪና ሥር የሚቆሙበት ጉድጓድ፣ ያለው ጋራዥ ድረስ በእግሯ አትሄድልኝም። በግቢዬ ፎሳ ልቆፍር ብል ሁለት ክንድ ሳልወርድ አለት ነው።

እመቤት ሽንኩርቷን ጨርሳ መጣች። በስልኳ አንድ ነገር አሳየችኝ። ጣውላ በጣውላ ላይ ተደራርቦ፣ የላይኛው ከታችኛው እያጠረ፣ እንደ ደረጃ። ሁለት እንደዚህ ዓይነት። የመኪናው የፊት ጎማዎች በዚያ ይወጣሉ፤ ሰውየው ከሥር ገብቶ በጀርባው ተንጋሎ ያፏጫል። ድንጋይ የለ፣ ክሪክ የለ። ይኼ ሲሠራ ትገባለህ፣ አለዚያ አትገባም አለች። ምን አማራጭ አለኝ፤ እሺ አልኩ።

ጥር 15

እንጨት ፍለጋ። እግሬ አብጧል። ባሕር ዛፍ ድቡልቡል ነው፣ ተሰንጥቆ ጣውላ የሚሆን ወፍራም የለም፤ ያለው ሁሉ በጦርነቱ ጊዜ ማገዶ ሆኗል። ደህና ጥድና ወይራ ያለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ ያንን ደግሞ በዓይኔም አልነካው።

ወደ አምደወርቅ መውጫ የቆመ የሞተ የጭነት መኪና አለ። ሞተሩም ጎማውም ተነቅሎ የቀረው ስፖንዳው ብቻ ነው፤ ያ የጎንና የጎን ጣውላው። ባለቤቱን አገኘሁት። የድሮ ባልደረባዬ ነው። ውሰደው አለኝ። ጣውላውን ስነቅል ከአጠገቤ ቆሞ ያያል። የእርሱ መኪና ከእንግዲህ ጣውላ አያስፈልጋትም። በአህያ ጭኜ መጣሁ።

ጥር 16፣ ኪዳነ ምሕረት

እሑድም ነው፣ ኪዳነ ምሕረትም ነው። ጣውላው ደጃፍ ተጋድሟል፣ እኔም ተጋድሜያለሁ። ጥር ሰው የሚሠራበት ወር አይደለም። ነገ ሰኞ ይሠራል። ከነገ ወዲያ ጊዮርጊስ፣ በማግሥቱ ገብርኤል፣ አንድ ቀን ተንፍሰን አስተርዮ ማርያም። መጋዝና መዶሻ በበዓል ቀን በዚህ ሰፈር ከተሰማ ለበረዶውም ለአንበጣውም ተጠያቂው እኔ ነኝ። እመቤት ቀኑን በጣቷ ትቆጥራለች። ቅዱሳኑ ደላላው መቼ እንደሚነሣ ያውቃሉ ወይ አለችኝ። ተቆጣኋት። ከዚያ ውጭ ወጥቼ እኔም በጣቴ ቆጠርኩ።

ጥር 17፣ ማታ

አያ ኪሮስ መጡ። የሰፈሩ አናጢ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከአባቴ አይተናነስም። አልጋና በር ነበር ሥራቸው፤ በነዚያ ክፉ ዓመታት ግን ሌላም ዓይነት ሳጥን ብዙ ሠርተዋል፣ ስለ እርሱ አያወሩም። የእመቤትን ስልክ ወስደው ሥዕሉን አዩት። ደግመው አዩት። ፈረንጅ ለዚህም እንጨት ያባክናል አሉ።

ከዚያ ግን ያዙት። ስፖንዳውን በመጋዝ ይቆርጣሉ፣ እመቤት ጫፉን ትይዛለች፣ እኔ ከአሮጌው ጣውላ የወጣውን ምስማር ድንጋይ ላይ አቃናለሁ። ሲናደዱ በእናታቸው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው የሚናደዱት፤ ዛሬ ብዙ ኽምጣኛ ሰማን። ጣውላው ደርቋል፣ ምስማር ሲመቱበት ይሰነጠቃል። ብረት በእሳት አግለው መጀመሪያ ቀዳዳ ያወጡለታል፣ ከዚያ ምስማሩ ይገባል።

እመቤት አንድ ነገር ተናገረች። ደረጃው ቀጥ ብሏል፣ መኪናዋ ሳትወጣ አፍንጫዋ ይመታል፣ ይርዘም አለች። አያ ኪሮስ ቀና ብለው አዩዋትና አንድ ጣውላ ጨመሩ። ደስ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ጥር 19

ገብርኤል። ምንም።

ብርቄ ደወለች፤ የእመቤት የክፍል ጓደኛ፣ ሳዑዲ ከገባች ዓመት አለፋት። የሰው ቤት ትሠራለች። እናቷ ቤት ቆርቆሮ ሆኗል። እመቤት በር ላይ ሆና ስታወራ ትስቃለች። ከእኔ ጋር እንደዚያ አትስቅም። ጆሮዬን ጥዬ ነበር፣ የሰማሁት ግን የለም።

ጥር 20፣ ማታ 3 ሰ.

ወጣች! ደብተሬ፣ ወጣች!

ከሰዓት በኋላ አያ ኪሮስ የመጨረሻውን ጣውላ መቱ። መወጣጫዎቹ አጠገብ ላጠገብ ተጋድመዋል፣ ጫፋቸው ላይ ጎማ አልፎ እንዳይወድቅ ወፍራም እንጨት ተቸንክሮባቸዋል። ዘንግ የላትምና ራሷ አትወጣም፤ የሰፈሩን ወንድ ጠራሁ። ከሥራ የገባው ሁሉ መጣ። ከኋላ ገፋን። ጎማው ደረጃውን ገና ሲነካ መወጣጫዎቹ ወደፊት ተንሸራተቱ፣ እኛ ተደራርበን ወደቅን። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አያ ኪሮስ ኽምጣኛቸውን ጨርሰው ከፊት ለፊት የብረት ካስማ መሬት ውስጥ መቱ። እንደገና። እመቤት ከመሪው ኋላ ተቀምጣለች፤ ቀጥ አድርገሽ ያዢ አልኳት፣ ያዘች። እንጨቱ ጮኸ። ግን ያዘ። የፊት ጎማዎቹ አናቱ ላይ ቁጭ አሉ። የኋላውን ጎማ በድንጋይ አስያዝኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ኪሮስ መወጣጫውን በእግራቸው መታ መታ አድርገው ለሌላ ሰው እንደሠሩት ሁሉ በግርምት አዩት።

መሽቷል፣ የነገው አስተርዮ ማርያም ነው። አልገባሁም። ይቆይ። ደስታ አንድ ቀን ቢያድር አይበላሽም። እመቤት መሪው ላይ ሆና ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም፤ ልጅ ሆና ጽጽቃ ገበያ ወስጃት ጋቢና ውስጥ ያስቀመጥኳት ቀን እንደዚያ አይታኛለች።

ጥር 21፣ አስተርዮ

ቅዳሴ፣ ንግሥ፣ ፀሐይ። እመቤት ራሴን አመመኝ ብላ ቀረች።

ስመለስ እጇን ትታጠባለች። እስከ ክንዷ እበት ነው። በማርያም ቀን ወለል ስትለቀልቅ ነበር መሰለኝ። ምን ነካሽ፣ ሰው ምን ይላል አልኳት፤ ብዙ ተናገርኩ። ምሳ አቀረበች፣ ራሷ አልበላችም። እውነትም አሟት ይሆናል።

ጥር 22፣ ከቀኑ 6 ሰ.

ዑራኤል ነው፤ ግን ማየት ሥራ አይደለም። ገባሁ። ሰፊ ነው። እንደ ልብ ያንጋልላል። የዚያ ፈረንጅ ማፏጨት ገባኝ።

ሆዷ ሁሉ እበት ነው፤ የበረቱ፣ ደርቆ የተጋገረ። ዘንጉን ለማሰር መጀመሪያ እርሱን መፋቅ አለብኝ። በካቻቢቴ ጀመርኩ። ግራ በኩል አንድ ቦታ ከሌላው ይልቅ ለስለስ ይላል፤ ልብ አላልኩም። እበቱ ሲላቀቅ ብረቱን ይዞ ወረደ።

አላመንኩም። ካቻቢቴውን ተጫንኩ። ገባ። እስከ እጀታው ገባ። ሻንሲው ነው፤ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ የተሸከማት ትልቁ ብረት። በቀኙ በኩል ሞከርኩ፤ እዚያም ገባ። የከብቱ ሽንትና የረጠበው ጭድ ያን ሁሉ ጊዜ ሲበላት ኖሯል። ከባለ ጠመንጃ ያዳንኩበት ነገር ነው የበላት።

በያጅ ብጠራ ወረቀት አልበይድም ነው የሚለኝ። ዙሪያውን የሚይዝለት ደህና ብረት የለም። ዘንጉን አስሬ ሰው ብጭንባት የጽጽቃ ቁልቁለት ላይ ሁለት ቦታ ትሆናለች፣ ከነሰው።

ከሥር ተንጋልዬ ቀረሁ። እመቤት ሻይ ይዛ መጣች፣ እግሯ ይታየኛል። እንዴት ነው አባዬ አለች። ደህና ነው አልኩ። አንዳንድ ቡሎን ዝጓል እንጂ ደህና ነው።

ማታ

ፀሐይ ከገባች በኋላ ከበረቱ እርጥብ እበት አምጥቼ ቀዳዳዎቹን ደፈንኳቸው። በእጄ ለቀለቅኋቸው። እንዳታይ። ይኼን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ነገ ሳነበው እንዳልክደው እጽፈዋለሁ።

ሰሃላ ያለች እህቴ ዘንድ ብልካትስ? አይ። እዚያም ያለው ወጣት እየወጣ ነው፤ እሷ ልትቀር ነው?

ጥር 24

ሥር ገባሁ። መዶሻ ይዤ ብረቱን መታሁ። ደህና ቦታ እየመረጥኩ፣ ድምፅ እንዲኖረው። ግቢው ሁሉ እንዲሰማ። ጧት ሁለት ሰዓት፣ ከሰዓት ሁለት ሰዓት። እመቤት ኩርሲ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ታቀብለኛለች። አሥራ ሰባት ቁልፍ ስል አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ ስል አሥራ ዘጠኝ። ያልተፈታ ቡሎን አልፈታም፣ ያልታሰረም አላስርም። ጠምዝዤ እመልሰዋለሁ።

ከነነዌ በኋላ ደላላው ይሄዳል። ያቺን ቀን ካሳለፍኳት በቃኝ። የሚቀጥለው ቡድን መቼ እንደሚነሣ ማን ያውቃል። እስከዚያ መዶሻ አለኝ።

ጥር 25

መዶሻ። ክርኔ ቆስሏል። ዛሬ አሁን ስንት ቀረው ትለኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀችም። ትዕግሥቷ ይገርማል፤ ከእኔ አልወረሰችውም።

ጥር 28

መዶሻ። አያ ኪሮስ በአጥር በኩል አልፈው ቆም አሉ። አጎንብሰው አዩኝ። እንዴት ይዟል አሉ፤ መወጣጫውን ነው። ይዟል አልኳቸው። መወጣጫው እንኳ አንድ ፀጉር አልተሰነጠቀም። በዚህ ግቢ የያዘው ነገር እርሱ ብቻ ነው። አያ ኪሮስ ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና እመቤትን አይተው ዘጉት። አንዳንዴ ሰው ሲያረጅ የሚለው ይጠፋዋል።

የካቲት 2

የነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን። ዮናስ ሦስት ቀን በዓሣ ሆድ ውስጥ ከረመ፣ እኔ ከሳምንት በላይ በመኪና ሆድ ሥር። ዮናስ ቢያንስ ተተፋ። የንስሐ አባቴ ሰላም ሊሉኝ ገብተው በጾም ሰዓት የማያቋርጥ ትጉህ ብለው አመሰገኑኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሌሊት አልተኛም። በሩ ሲጢጥ ይላል ብዬ እጠብቃለሁ። ሻንጣ የላትም፤ የምትይዘው ፌስታል ነው፣ ፌስታል ደግሞ ድምፅ የለውም።

የካቲት 4፣ ጧት

ሊነጋጋ ሲል የመኪና ድምፅ ሰማሁ። በባዶ እግሬ ወጣሁ። መጋረጃዋን ገለጥኩ። ተኝታለች። ጸጉሯ ፊቷ ላይ ወድቋል፣ ትተነፍሳለች። መኪናው ሄደ፣ ድምፁ ጠፋ፣ እሷ አለች። ደጃፍ ተቀምጬ እስኪነጋ ድረስ እንደ ሞኝ እየሳቅሁ ነበር።

ማታ 2 ሰ.

ምን ብዬ ልጀምርልህ። ከተማ ስወጣ ደላላው፣ ሰዎቹን ጧት አሳፍሮ እሱ ቀርቶ፣ ከሻይ ቤት ጠራኝ። ተቆጥቷል። ሰው ቃል ከገባ ይጠብቃል እንጂ አለኝ። ልጅህ በማርያም ማግሥት መጥታ አልሄድም ብላ ስሟን አስወጣች፣ በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ስፈልግ ከረምኩ አለ። ደስ አለኝ። በማርያም ማግሥት! ገና እኔ ከሥር በገባሁበት ቀን! አባቷን አምናለች ማለት ነው፣ ትሠራለህ ብላ አምናለች። ደስታዬ ሳያልቅ ሐፍረት መጣብኝ፤ የምታምነውን እያታለልኩ ነው።

ሐፍረቱን ይዤ የአያ ኪሮስን መጋዝ ልመልስ ሄድኩ። ተቀበሉኝ፣ አስቀመጡኝ። የብረቱ ነገር እንዴት ሆነ አሉኝ። የቱ ብረት አልኳቸው። አየት አደረጉኝ።

«ታዴ፣ ልጅቱ አልነገረችህም? በማርያም ቀን ወደ እኔ መጥታ ነበር እኮ። እጇ እበት በእበት ሆኖ። መኪናዋን የተሸከማት ብረት በስብሷል፣ የወይራ እንጨት ግራና ቀኝ ቢታሰርለት፣ እንደ ተሰበረ እግር፣ ይይዛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይይዝም ልጄ አልኳት። እንጨት የሚሠራውን ሠርቷል፣ ከዚህ በላይ አትጠይቂው አልኳት። አለቀሰች። እንዳልነግርህ አስማለችኝ። አንተ ግን ሳምንት ሙሉ ስትቀጠቅጥ ሳይ፣ አይተኸው አንድ ነገር አግኝተህለት ይሆናል ብዬ ነው አሁን ከአፌ ያመለጠኝ።»

ምንም አላገኘሁለትም አያ ኪሮስ። ምንም።

አሁን ነገሩ ገባኝ። ቅዳሴ ላይ ሳለሁ ገብታለች። ፍቃ አይታለች። መልሳ በእበት የለቀለቀችው እሷ ናት፤ ያ ለስላሳው ቦታ። እኔም በማግሥቱ ፍቄ፣ አይቼ፣ መልሼ ለቀለቅሁ። አንዱን ቀዳዳ ሁለታችን ደፍነነዋል፣ እሷ ከእኔ ደብቃ፣ እኔ ከእሷ ደብቄ። ሻይ ይዛ እንዴት ነው አባዬ ስትለኝ ታውቃለች። አሥራ ሰባት ቁልፍ ስታቀብለኝ ታውቃለች። የሌለ ሥራ እየሠራሁ መሆኔን ብቻ አታውቅም፤ አባቴ ገና አላየውም፣ ያየው ቀን ምን ይሆናል እያለች ነው ኩርሲው ላይ የተቀመጠችው።

ማታ 4 ሰ.

ከብርቄ ጋር በስልክ ታወራለች። በግድግዳው ሰማሁ፤ ዛሬ ጆሮዬ አልከለከለኝም።

«እሱን ጥዬ? አንቺ ደግሞ። እኔ ብሄድ ከዚያች መኪና ሥር ማን ያወጣዋል?»

ከዚያ ብርቄ የሆነ ነገር አለቻት መሰለኝ፣ እመቤት አልሳቀችም።

የካቲት 5፣ አቦ

ሥራ የለም። አጥሩ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። እሷ ጸጉሯን ስትሠራ ዋለች፣ ሠርታ ፈታችው፣ እንደገና ሠራችው።

የለመንኩት ሆነልኝ። ቀረች። አየኋት ዛሬ፣ ደኅና አድርጌ አየኋት። እንዲህ ያለ ፊት ለቅሶ ቤት ነው የማውቀው፤ ሰው ሊያጽናና መጥቶ የሚሰለቸው፣ ግን የማይነሣ። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም። ለማታምነው መኪና ቁልፍ ታቀብላለች፣ ነገም፣ የሚመጣው ወርም። እኔ መምታት ካላቆምኩ እሷ ማቀበል አታቆምም። እኔ ብሞት ነው የምትነሣው። ያን ጊዜ ደግሞ ያው በዚያው ባሕር ትሄዳለች፣ ዕድሜዋን ጨርሳ።

እዚህ ምን አላት? ፈተናው አምልጧታል። መሬቱ ለአንድም አይበቃ። መኪናዋ አፈር ሆናለች። አይ ሰቆጣ፣ ሰው እንድይዝብሽ አንድ ነገር ስጪኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩሽ።

የካቲት 6፣ ጧት 12 ሰ.

ቆርጫለሁ።

ዛሬ መኪናዋን እፈታታለሁ። ሞተሩ ደህና ነው፤ አምደወርቅ ወፍጮ ያለው ሰውዬ ከበፊትም ጀምሮ ሲፈልገው ነበር። ካምቢዮውም ይወጣል፣ ጎማዎቹም። የቀረው ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ። በዚያ ለእመቤት ፓስፖርት እናወጣለን፣ ደሴ አብሬያት እሄዳለሁ፣ ሥልጠናውን ትወስዳለች፣ በሕጉ፣ በአውሮፕላን። ባሕሩን አታይም፣ በረሃውን አትረግጥም። አውሮፕላኑስ ያው አይደለም ወይ ትለኝ ይሆናል። ነው። በአውሮፕላን ሄዳ አእምሮዋን ስታ የተመለሰች ልጅ አውቃለሁ። የተሻለ ነገር አገኘሁ አላልኩህም። ከእኔ ጋር ከምትሞት ብዬ ነው።

የነነዌ ጾም ያለቀ ማታ እንድትቀር ስለት ተስዬ ነበር። ስለቱን አገባለሁ፤ ቀርታ ነበርና።

ከሁሉ የሚከብደው መንገሩ ነው። ማየቴን መንገር አለብኝ፤ አይቼ መደበቄን፣ እሷም መደበቋን ማወቄን። ቀዳዳውን እኔም እንደ አንቺ ለቅልቄዋለሁ ልበላት? ወይስ ዝም ብዬ ቡሎን በእውነት ስፈታ ታየኝና ራሷ ይግባት? አይ፣ ይኼ የፈሪ ነው። ሂጂ የሚለውን ቃል ከአፌ መስማት አለባት፤ አለዚያ አትሄድም። ሂጂ። ሰርዤው እንደገና ጻፍኩት።

መጋረጃዋ ተንቀሳቀሰ። ተነሣች። ውሃ ትቀዳለች። አሁን እንደ ልማዷ ቁልፎቹን በጨርቅ ጠቅልላ መጥታ ኩርሲው ላይ ትቀመጣለች፣ እጇንም ትዘረጋለች። የመጀመሪያውን ቁልፍ ሳታቀብለኝ ልንገራት። አልሄድም ብላ ካለቀሰች ደግሞ... መጣች፣ ልዝጋህ።